«ምን አገባን?» ስለ ስታር ትሬክ ጣልቃ ያለመግባት ሕግ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ መብራት የሚጠፋበት ምሽት የክርክር ምሽት ነው። የኛ ብሎክ ወጣቶች ስለ ጠፈር መርከበኞች የሚተርከውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ተከታታይ፣ ስታር ትሬክን፣ በፍላሽ እየተቀባበሉ ጨርሰውታል። የላፕቶፑ ባትሪ ሲያልቅ ደረጃው ላይ ተቀምጠው የፊልሙን አንድ ሕግ ያነሳሉ። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ገና በከዋክብት መሀል መጓዝ ያልጀመረ ሕዝብ ካጋጠማችሁ በኑሮውም፣ በእምነቱም፣ በዕድገቱም ጣልቃ አትግቡ። ከየት እንደመጣችሁም አትንገሩት። «ፕራይም ዳይሬክቲቭ» ይባላል፤ እኔ ዋናው ሕግ እለዋለሁ። እንደሰማሁት ከሆነ ተደጋግመው የሚመጡ ስህተቶች አሉ። እነሱን ላንሳ። ዓ.ም. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው።

«ሕጉ ከመጀመሪያው ቀን ነበር፤ ጀግኖቹም ያከብሩታል»

ሁለቱም ልክ አይደለም። ተከታታዩ በሴፕቴምበር 1966 ነው የጀመረው። ሕጉ በስሙ የተጠራው ግን በፌብሩዋሪ 1967 በተላለፈ ክፍል ነው። ሃሳቡን ብዙዎች ከአዘጋጆቹ አንዱ ለነበረው ለጂን ኩን ይሰጡታል። የሚያስቀው ነገር፣ የመርከቡ ምክትል ስፖክ ሕጉን ባስታወሰበት በዚያው ክፍል አለቃው ካፒቴን ከርክ አንድን ሕዝብ የሚገዛ ኮምፒውተር አፈራርሶ ይሄዳል። ለምን ሲባል፣ ሕጉ የሚሠራው ሕይወት ላለውና ለሚያድግ ባህል ነው ይላል። ጠበቃ ቢሆን ያዋጣው ነበር።

«የማይነኳቸው ኋላቀር ናቸው ብለው ስለናቋቸው ነው»

ትንሽ እውነት አለው። ማን «ደርሷል»፣ ማን «አልደረሰም» ብሎ የሚወስነው ባለመርከቡ ነው። ይህ እኔንም ይቆረቁረኛል። ግን ሕጉ ማንን እንደሚያስር ተመልከቱ። የሚታሰረው ጉልበት ያለው ነው። ለምን መታሰር እንዳለበት ደግሞ በ1968 የታዩ ሁለት ክፍሎች በደንብ ያሳያሉ።

በአንደኛው፣ ከመቶ ዓመት በፊት አንድ የምድር መርከብ በአንድ ፕላኔት ሲያልፍ ስለ ቺካጎ ወንበዴዎች የተጻፈ መጽሐፍ ትቶ ሄዷል። ከርክ ሲደርስ የፕላኔቱ ሰው በሙሉ በባርኔጣና በሙሉ ልብስ፣ መትረየስ ታቅፎ፣ በየሰፈሩ አለቃ እየተገዛ ይኖራል። ማንም አላስገደዳቸውም፤ የተረሳ መጽሐፍ ብቻ ነው ይህን ያመጣው። በሁለተኛው የታሪክ ምሁር የሆነ ሰው የተበታተነ ሕዝብ ላደራጅ ብሎ የናዚን አስተዳደር «ጭካኔውን ትቼ ሥርዓቱን ብቻ ልውሰድ» ይላል። ጭካኔው ተከትሎት መጣ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ነገሩን የሚያከብደውም ይሄ ነው።

«ለደካማው መሣሪያ መስጠት ሚዛን መጠበቅ እንጂ ጣልቃ መግባት አይደለም»

ደረጃው ላይ በጣም የሚያጯጩኸው ይሄኛው ነው። ይህም የ1968 ክፍል ነው። ከርክ ከዓመታት በፊት የሚያውቀው ሰላማዊ ፕላኔት አለ። ሰዎቹ ቀስት ብቻ ነበራቸው። ሲመለስ የመንደሩ ሰዎች ጠመንጃ ይዘው የተራራውን ሰዎች ይገድላሉ። ጠመንጃውን በስውር የሰጧቸው የከርክ ወገን ባላንጣዎች፣ ክሊንጎኖች ናቸው። ከርክ ምን ያደርጋል? ለተራራው ሰዎች ያንኑ ዓይነት ጠመንጃ ይሰጣል። አይበልጥም፣ አያንስም። በመጨረሻ ከመርከቡ የሚያዘው 100 ጠመንጃ ነው፤ ሲያዝዝም ፊቱ ላይ ደስታ የለም። በጊዜው አሜሪካ ቬትናም ውስጥ ነበረች፤ ተመልካቹ ስለ ምን እንደሚወራ አልጠፋውም።

እኛ ግን ለዚህ ቬትናም ድረስ መሄድ የለብንም። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ የትግራዩ ገዥ ካሳ ምርጫ መንገድና ስንቅ ሰጡት። ናፒየር አገር ልይዝ አልመጣሁም እንዳለው ተመልሶ ሄደ። በወረቀት ካየነው ጣልቃ አልገባም። ሲወጣ ግን ለካሳ ውለታውን በመድፍና በጠመንጃ መለሰ። በ1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ አሰም ላይ ካሳ በቁጥር የሚበልጣቸውን የአፄ ተክለጊዮርጊስን ጦር ድል አደረጉ። በማግስቱ ዓመት አክሱም ላይ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው ነገሡ። ካሳ ጎበዝ የጦር መሪ ነበሩ፤ የድሉ ምክንያት መሣሪያው ብቻ ነው አልልም። ግን ጥሎት የሄደው መሣሪያ ዘውዱ ማን ላይ እንደሚያርፍ አብሮ ወስኗል። «ሚዛን» የሚለውን ቃል ስሰማ አሰም ትዝ ትለኛለች።

«ተደብቆ ማየት ማንንም አይጎዳም»

በ1989 በወጣ ክፍል ተመራማሪዎች በነሐስ ዘመን ላይ ያለ ሕዝብ ከዓለት ውስጥ ተደብቀው ያጠናሉ። መደበቂያው ይበላሻል። አንድ የአገሩ ሰው ያያቸውና ይጎዳል፤ ሐኪሟ መርከቡ ላይ ወስዳ ታድነዋለች። ሰውየው ተመልሶ «ከሞት ያስነሳኝ ፒካርድ የሚባል አምላክ ነው» ብሎ መንደሩን ያሳምናል። ፒካርድ ከከርክ በኋላ የመጣው ተከታታይ ካፒቴን ነው። ከተመራማሪዎቹ አንዱ «እንግዲህ አምላክ ከሆንክ ሕግ ስጣቸው» ይለዋል። ፒካርድ በፍጹም አይስማማም። የመንደሩን መሪ መርከቡ ላይ አምጥቶ አንዲት ሴት ስትሞት ያሳያታል። አየሽ፣ ይህን ማስቀረት አልችልም ማለቱ ነው። ከተከታታዩ ሁሉ የምወደው ትዕይንት ነው።

ማየትም የሚታየውን ይለውጠዋል። ከኛ ኮንዶሚኒየም ጀርባ እርሻቸው ላይ የቀሩ አንድ እናት አሉ። መጠይቅ የያዙ ልጆች በየጊዜው እየመጡ ይጠይቋቸዋል። አንድ ቀን ስሰማቸው «ልጆቼ፣ አምናም ላሞቼን ቆጥራችሁ ሄዳችሁ። ወልደው ይሆናል ብላችሁ ነው?» አሏቸው። አሁን ወረቀት የያዘ ሰው ከሩቅ ካዩ ጊደሯን ወደ ጓሮ ይነዷታል። ግብር መስሏቸው ነው። ጥናቱ ላይ አንዲት ጊደር ጎድላለች ማለት ነው።

«ሕጉ ቅዱስ ነው፤ ሕዝቡ ቢያልቅም ይከበራል»

ተከታታዩ ራሱ እዚህ ላይ ይዋዥቃል። በ1989 አንዲት ሕፃን ፕላኔቷ ሊፈርስ ሲል በሬዲዮ ትጣራለች። ፒካርድ ድምፅዋን ከሰማ በኋላ እምቢ ማለት ያቅተዋል፤ ያድኗታል። በ1994 ግን ያው ፒካርድ የአንድ ፕላኔት አየር ሲጠፋ ሕዝቡ ይለቅ ብሎ ቆሞ ያያል። አንድ መንደር የሚተርፈው የመርከቡ መኮንን የዎርፍ የማደጎ ወንድም ሕጉን ጥሶ ስለደበቃቸው ነው። በ2002 ደግሞ የታመመ ሕዝብ ራሱ መድኃኒት ለምኖ፣ ሐኪሙ መድኃኒቱን አግኝቶ፣ የሌላ መርከብ ካፒቴን ይከለክላል። ሌላ ዝርያ በተፈጥሮ ተራው ደርሷል ብሎ! ይሄ ትሕትና አይደለም። ለምኖ እጁን ለዘረጋ ሰው «በዕድገትህ ጣልቃ አልገባም» ማለት ጭካኔ ነው፤ የፈለገ ይከራከረኝ።

ይህን ክርክር ከተማችን በወረቀት አስፍራዋለች። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር በአገሮች የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ አለመግባትን መርሕ አደረገ። ከቅኝ ግዛት ገና ለወጡ አገሮች ተገቢ ነበር። ከዚያ በ1994 ሩዋንዳ ላይ ሰው ሲያልቅ ዓለም ቆሞ አየ። በ2000 የጸደቀው የአፍሪካ ኅብረት ማቋቋሚያ ሰነድ አንቀጽ 4 ጣልቃ አለመግባትን አልሰረዘም። ከሥሩ ግን ሌላ ጨመረ፦ የጦር ወንጀል፣ የዘር ማጥፋትና በሰብዓዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ሲኖር ኅብረቱ ጣልቃ የመግባት መብት አለው። ሁለቱ አንድ አንቀጽ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሥራው ላይ ሲደርስ ግን ይከብዳል። በ2015 መጨረሻ የኅብረቱ የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤት ወደ ቡሩንዲ ጦር ይላክ ብሎ ወሰነ፤ መሪዎቹ በጃንዋሪ 2016 እዚሁ ተሰብስበው ሳይልኩ ቀሩ።

«ይሄ ሁሉ ልብወለድ ነው»

በሴፕቴምበር 2017 ሳተርንን ስታጠና የቆየችው ካሲኒ የምትባል እውነተኛ መንኮራኩር ሆን ተብሎ ሳተርን ውስጥ ገብታ እንድትቃጠል ተደርጋለች። ነዳጇ እያለቀ ነበር። ሕይወት ሊኖርባቸው ይችላል ከሚባሉት ኢንሴላደስና ታይታን ከሚባሉ ጨረቃዎች ጋር ተጋጭታ የምድር ተህዋስያን እንዳታደርስባቸው ነው። እዚያ ሕይወት ይኑር አይኑር ሳይታወቅ!

«ይህን ያሰበው ስታር ትሬክ ብቻ ነው»

አይደለም። ዶክተር ሁ በሚባለው የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ተከታታይ ውስጥ የጊዜ ጌቶች የሚባሉት የባለታሪኩ፣ የዶክተሩ፣ ወገኖች ማንም በሌላው ጉዳይ እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ አላቸው። በ1969 ዶክተሩን ይህን ጥሰሃል ብለው ከሰሱት። እሱም «አዎ ገብቻለሁ፤ እናንተ ቆማችሁ ስታዩ እኔ ክፉውን ተዋግቻለሁ» አለ። ዳኞቹ ነገሩ ልክ እንደሆነ ሳይገባቸው አልቀረም። ግን ሕግ ሕግ ነው፤ መልኩን ቀይረው በግዞት ላኩት። የግዞቱ ቦታ ምድር ናት።