የቦርዶ ወይን ቅምሻ

ቦርዶ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በጋሮን ወንዝ ዳር ያለች የወደብ ከተማ ናት። የፈረንሳይ ወይን ሲነሳ ሌሎቹ የወይን አካባቢዎች፣ ቡርጎኝም፣ ሻምፓኝም፣ ሮንም፣ አልዛስም አብረው ይነሳሉ። ወይን መቅመስን ከነጋዴ ጓዳ አውጥታ ትምህርት ቤት ያስገባችው ግን በዋናነት ቦርዶ ናት። ቡርጎኞች ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ያጠቁራሉ። (እዚህ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ወይን እዚያ የተተከለው በሮማውያን ዘመን ነው። በመካከለኛው ዘመን አካባቢው እስከ 1453 ድረስ በእንግሊዝ ነገሥታት እጅ ስለነበር፣ ወይኑ በመርከብ ወደ እንግሊዝ ይጎርፍ ነበር።

ዋናው ታሪክ የሚጀምረው በ1855 ነው። ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሣልሳዊ በፓሪስ ትልቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። የቦርዶ ንግድ ምክር ቤትም ለዝግጅቱ የምርጥ ወይኖች ዝርዝር ፈለገና የወይን ደላሎቹን ጠየቀ። ደላሎቹ ለዚህ ብለው የቅምሻ ውድድር አላካሄዱም። መዝገባቸውን ገልጠው የትኛው ወይን ለዓመታት ስንት እንደተሸጠ አዩ፣ በዋጋው ደረጃ ሰጡ። ቀዮቹ በአምስት ደረጃ ተከፈሉ። ከላይ አራት ሻቶዎች (ወይን አምራች ርስቶች) ተቀመጡ፦ ላፊት፣ ላቱር፣ ማርጎ እና ኦ ብሪዮን። ከኦ ብሪዮን በቀር ቀዮቹ ሁሉ ሜዶክ ከሚባለው የቦርዶ ወረዳ ናቸው። ከጣፋጮቹ ነጮች ደግሞ ሻቶ ዲኬም ለብቻው ከሁሉም በላይ ሆነ። ይህ ሶተርን ከሚባለው የቦርዶ ወረዳ የሚመጣ ወይን ነው። ፍሬው በልዩ ሻጋታ ደርቆ ስኳሩ ሲጠነክር ይለቀማል። ሲሸተት ማር ማር ይላል። ጠጅ ጠጥቶ ያደገ ሰው ቶሎ ይግባባዋል።

ዝርዝሩ ከዚያ በኋላ እምብዛም አልተነካም። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1973 ነው፤ ሙቶን ሮትሺልድ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ደረጃ ወጣ። ግትርነት ነው የሚሉ አሉ። መጽናት ነው ማለትም ይቻላል። ከወንዙ ማዶ ያለው ሴንት ኤሚሊዮን የተባለ የወይን ወረዳ በ1955 የራሱን ደረጃ አወጣ፤ በየአሥር ዓመቱ ገደማ ይከልሰዋል። ውጤቱ ብዙ ጊዜ ክርክር ነው። በ2021 ሁለቱ ቁንጮ ሻቶዎች፣ ሼቫል ብላን እና ኦዞን፣ በቀጣዩ ምደባ አንሳተፍም አሉ።

ላቦራቶሪው ከደላሎቹ ቀጥሎ መጣ። የሳይንቲስቱ የሉዊ ፓስተር ተማሪ የነበረው ኡሊስ ጋዮን በ1880 በቦርዶ የወይን ምርምር ጣቢያ መምራት ጀመረ። የዘመናዊው ቅምሻ አባት ግን ኤሚል ፔይኖ (1912–2004) ነው። በ15 ዓመቱ ወይን ነጋዴ ቤት ተቀጠረ፣ በኋላ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ወይኑ በፀደይ ለምን እንደገና እንደሚፈላ ለገበሬዎቹ ያስረዳው እሱ ነው። ፖም ውስጥ ያለው ሹል አሲድ፣ እርጎ ውስጥ ወዳለው ለስላሳ አሲድ ይቀየራል። ሌላው ምክሩ ቀላል ነበር፦ የበሰለውን ብቻ ልቀሙ፣ በርሜላችሁን አጽዱ። ተማሪዎቹንም ወይን የሚገልጹበትን ቃል እንዲመርጡ አስለመዳቸው።

ታዲያ እንዴት ይቀመሳል? ብርጭቆው ከሆዱ ሰፋ፣ ከአፉ ጠበብ ያለ ይሁን። ከሲሶ በላይ አይሞላም። እጅ እንዳያሞቀው በእግሩ ይያዛል። መጀመሪያ ነጭ ጨርቅ ላይ ዘንበል አድርገው ቀለሙን ያያሉ። የወጣት ቀይ ወይን ጠርዝ አማርኛችን ወይን ጠጅ የሚለው ቀለም ራሱ ነው። ሲያረጅ ወደ ሸክላ ይሄዳል። ነጩ ግን በዕድሜ ይጠቁራል። በብርጭቆው ግድግዳ ላይ የሚወርደው "እንባ" የጥራት ምልክት ነው ሲባል ይሰማል። አይደለም፤ የአልኮሉ ሥራ ነው።

ቀጥሎ ይሸተታል። አንዴ ዝም ብሎ፣ አንዴ ብርጭቆውን አዙሮ። ሜርሎ የተባለው የወይን ዝርያ ፕሪም ፕሪም ይላል። ሌላው ዝርያ ካቤርኔ ሶቪኞን ካሲስ የሚባለውን ጥቁር ፍሬ እና የተቀረጸ እርሳስ ይሸታል። ጥድ የሚያውቅ አፍንጫ ይህን አይስተውም። ሳይበስል ከተለቀመ ደግሞ ቃሪያ ነው። እርጥብ ካርቶን ከሸተተ ቡሹ አበላሽቶታል፤ ይመለስ።

ከዚያ አፍ ውስጥ ይገባል። ቀማሹ ትንሽ ይጎነጫል፣ አየር ፉት እያለ ያንገዋልለዋል፣ ይተፋዋል። ቡና ቀማሾቻችን በማንኪያ ስርር አድርገው እንደሚተፉት ነው። መትፋት ነውር የለውም፤ አርባ ወይን የሚጠብቀው ሰው ምን ያድርግ? ድዱን ጨምድዶ የሚይዘው ታኒን ነው፤ ብዙ የቆየ ሻይ እንደሚያደርገው። ከተተፋ በኋላ ጣዕሙ አፍ ውስጥ ስንት ሰከንድ እንደቆየም ይቆጠራል። ፈረንሳዮች አንዷን ሰከንድ ኮዳሊ ይሏታል። ቀይ ወይን "በክፍል ሙቀት" የሚባለው ቤቶች ማሞቂያ ሳይኖራቸው የወጣ አባባል ነው፤ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል።

የቦርዶ ነጋዴዎች የዓመቱን ትልቅ ቅምሻ የሚያካሂዱት በፀደይ ነው። የሚቀምሱት ባለፈው መኸር የተለቀመውን፣ ገና በርሜል ያለውን ነው። ገዢው ዛሬ ይከፍላል፣ ጠርሙሱ ከዓመት በላይ ቆይቶ ይደርሰዋል። ስለዚህ ቀማሹ ያልደረሰ ወይን ቀምሶ ሲደርስ ምን እንደሚሆን መገመት አለበት። ከባዱ ሙያ ይሄ ነው።

ቦርዶዎች ማንሳት የማይወዱት ቀን አለ፤ ግንቦት 24 ቀን 1976። ስቲቨን ስፐሪየር የተባለ እንግሊዛዊ ወይን ነጋዴ ፓሪስ ላይ ዘጠኝ ፈረንሳዊ ዳኞችን የወይኖቹን ስም ሸፍኖ አስቀመሰ። ከቀዮቹ አንደኛ የወጣው የካሊፎርኒያው ስታግስ ሊፕ ነው። ሙቶን ሁለተኛ ሆነ። የቦርዶዎቹ ወይኖች ገና ልጆች ነበሩ የሚል መከራከሪያ አለ፤ ሚዛን ይደፋል። በ2006 እንደገና ተቀመሱ። ያኔም ካሊፎርኒያ አሸነፈች።

በ2001 የወጣው ጥናት ግን የቦርዶ የራሷ ሥራ ነው። ተመራማሪዎች ነጭ ወይን ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ አድርገው ለ54 ሰዎች ሰጡ። ሰዎቹ ሽታውን በቀይ ወይን ቃላት ገለጹት። "ሊቃውንቱ ተሸወዱ" እየተባለ ይጋነናል፤ የወይን ሳይንስ ተማሪዎች ነበሩ። ቢሆንም ዓይን አፍንጫን እንደሚመራ ታይቷል።

የቦርዶ እጅ እኛም ጋ ደርሷል። መነሻው ቦርዶ የሆነው ካስቴል የተባለ የመጠጥ ኩባንያ ዝዋይ (ባቱ) አጠገብ ወይን ተክሎ፣ ከ2014 ጀምሮ ሪፍት ቫሊ እና አካሲያ በሚል ስም ይሸጣል። እርሻው ላይ ካሉት ዝርያዎች ሜርሎ እና ካቤርኔ ሶቪኞን የቦርዶ ልጆች ናቸው። ሲራ የሮን ነው። ሻርዶኔ፣ ይሁን እንግዲህ፣ የቡርጎኝ።