የሶፍትዌር ልማት የሂደት ሞዴሎች ንጽጽር

የሂደት ሞዴል የሶፍትዌር ሥራ በምን ቅደም ተከተል እንደሚካሄድ፣ ማን ምን መቼ እንደሚያስረክብና መሀል ላይ ሐሳብ ሲቀየር ምን እንደሚደረግ የሚወስን አሠራር ነው። መስፈርት (ሶፍትዌሩ ምን ማድረግ እንዳለበት) ማሰባሰብ፣ ንድፍ፣ ኮድ መጻፍና ሙከራ በሁሉም ሞዴሎች አሉ። ልዩነቱ ያለው እነዚህ ሥራዎች ስንት ጊዜ እንደሚደጋገሙ፣ የተሳሳተ ግምትም ምን ያህል ቆይቶ እንደሚጋለጥ ላይ ነው።

በዋተርፎል («ፏፏቴ») ሞዴል አንዱ ምዕራፍ ተጠናቆ ሳይጸድቅ ቀጣዩ አይጀመርም። የዚህ ሞዴል አባት ተደርጎ የሚጠቀሰው ዊንስተን ሮይስ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ ደረጃዎቹን በሥዕል አሳይቷል፤ «ዋተርፎል» የሚለው ቃል ግን እዚያ የለም። እንዲያውም ሙከራን ወደ መጨረሻ የሚገፋ አሠራር አደገኛ መሆኑን አስጠንቅቆ፣ ሥርዓቱ አዲስ ዓይነት ከሆነ ሁለት ጊዜ እንዲሠራ መክሯል። ብዙዎች ሥዕሉን ወስደው ምክሩን ተዉት።

ጉዳቱ ከትንሽ ነገር ይጀምራል። የመስፈርት ሰነዱ «አንድ ደንበኛ አንድ አድራሻ አለው» ይላል፤ ይፈረማል። የመረጃ ቋቱ ሠንጠረዥ፣ ቅጾቹና ሪፖርቶቹ በዚያው ላይ ይገነባሉ። ከወራት በኋላ፣ በርክክብ ሙከራ ወቅት፣ ተጠቃሚው «ዕቃው የሚላክበትና ደረሰኙ የሚላክበት አድራሻ እኮ ይለያያል» ይላል። መጀመሪያ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ማረም ይበቃ ነበር፤ አሁን ሠንጠረዡን ለሁለት መክፈል፣ የገባውን መረጃ ማዛወርና ያለፉትን ሙከራዎች መድገም ግድ ነው። ያም ሆኖ መስፈርቱ የማይናወጥ ከሆነና እያንዳንዱ ውሳኔ በሰነድ መረጋገጥ ካለበት፣ ለምሳሌ በሕክምና መሣሪያ ላይ፣ በቅደም ተከተል መሄድ ያዋጣል። እዚያ የተሻለው ቪ ሞዴል ነው፤ መስፈርቱ ሲጻፍ የርክክቡ ሙከራ፣ ንድፉ ሲወጣ ደግሞ የውህደት ሙከራው (ክፍሎቹ ተገናኝተው መሥራታቸውን የሚያየው) አብሮ ይታቀዳል።

ባሪ ቦህም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያቀረበው ስፓይራል ሞዴል በየዙሩ ግብና አማራጭ ይለያል፣ ስጋቱን ይመዝናል፣ ሠርቶ ያረጋግጣል፣ ቀጣዩን ዙር ያቅዳል። ስጋትን በትክክል የሚመዝን ሰው ከሌለ ግን ዙሩ ወረቀት ከማብዛት አያልፍም።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2001 በዩታ የተሰበሰቡ 17 ባለሙያዎች ያወጡት የአጃይል (ለለውጥ ቀልጣፋ የሆነ አሠራር) መግለጫ ከሰነድ ይልቅ ለሚሠራ ሶፍትዌር ቅድሚያ ሰጠ። ከአጃይል አሠራሮች በስፋት የሚታወቀው ስክረም ነው። ስፕሪንት የሚባለው በጊዜ የተወሰነ የሥራ ዙር ከአንድ ወር አይበልጥም፤ ቡድኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሰው አይበልጥም፤ የየቀኑ ስብሰባ 15 ደቂቃ ነው። የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። የ15 ደቂቃው ስብሰባ ለአለቃ ሪፖርት ማቅረቢያ ሲሆን አባላቱ እርስ በርስ መነጋገር ያቆማሉ። «አለቀ» ማለት ምን እንደሆነ አስቀድሞ ካልተስማሙ ደግሞ ያልተሞከረ ኮድ እንዳለቀ ተቆጥሮ ስህተቱ ወደሚቀጥለው ስፕሪንት ይሻገራል፤ በተግባር ይህ ዋተርፎልን በየስፕሪንቱ መድገም ነው።

ካንባን ስፕሪንት አያስገድድም። ሥራው በሰሌዳ ላይ በካርድ ይንቀሳቀሳል፤ በአንድ ጊዜ የሚያዘው ሥራ ቁጥር ጣሪያ አለው። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ በእጅ ያለው ሥራ ለሚጠናቀቅበት ፍጥነት ሲካፈል የአንዱን ሥራ አማካይ ቆይታ ይሰጣል። ቡድኑ 12 ካርድ ይዞ በሳምንት 3 የሚጨርስ ከሆነ አንዱ ካርድ በአማካይ 4 ሳምንት ይቆያል። በዚያው ፍጥነት 6 ብቻ ቢይዝ ወደ 2 ሳምንት ይወርዳል። ጣሪያውን «ለዛሬ ብቻ» እያሉ መጣስ ሞዴሉን ይገድለዋል። ጥገናና የብልሽት ጥሪ የሚበዛበት ቡድን ከስክረም ይልቅ ይህ ይስማማዋል፤ ነገ ምን እንደሚበላሽ አስቀድሞ በስፕሪንት ማቀድ አይቻልምና።

በተግባር ድብልቅ ይበዛል። ከሁሉ የሚከፋው ውሉ ዋጋን፣ ጊዜንና የሥራ ዝርዝርን ሦስቱንም ቆልፎ ቡድኑ በስክረም ሲሠራ ነው። ደንበኛው በየግምገማው አዲስ ነገር ይጨምራል፤ የሚቀነስ ነገር ግን የለም። አዲስ ሥራ ሲገባ ተመጣጣኝ ሥራ እንደሚወጣ ውሉ ላይ ካልተጻፈ ልዩነቱን የሚከፍለው የቡድኑ የትርፍ ሰዓት ነው።