የግዛትና የፌዴራል ፓርቲዎችን በምርጫ ሕግ መለየት

በፌዴራል አገር መራጩ ለማዕከሉም ለግዛቱም ይመርጣል። በሁለቱም የድምፅ መስጫ ወረቀቶች ላይ ብዙውን ጊዜ ያው ፓርቲ ነው የሚጠብቀው። በማዕከሉ የከፋው ሰው ንዴቱን የግዛቱ እጩ ላይ ይወጣል። ግዛቱን በወጉ ያስተዳደረው ባላጠፋው ይወድቃል፣ የለገመው ደግሞ በትልቁ መሪ ስም ታዝሎ ያልፋል። ሁለቱ ይለዩ የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው።

ፓርቲን በአዋጅ ለሁለት መክፈል የመደራጀት መብትን ስለሚነካ፣ ለውጥ ፈላጊዎች የሚነካኩት የምርጫውን አካሄድ ነው። ቀላሉ ቀኑን ማራራቅ ነው። የህንዷ ዴልሂ በ2014 (እ.ኤ.አ.) 7ቱንም የፌዴራል ፓርላማ ወንበሮቿን ቢጄፒ ለተባለው ፓርቲ ሰጠች። ዓመት ሳይሞላ፣ በየካቲት 2015፣ ከራሷ ምክር ቤት 70 ወንበሮች 67ቱን አም አድሚ የተባለው ፓርቲ ወሰደ። ልብ በሉ፣ እዚህ የተለየው ድምፁ እንጂ ፓርቲው አይደለም። አም አድሚ ለፓርላማም ይወዳደራል።

የአሜሪካዋ ነብራስካ የፓርቲ ስምን ከግዛቷ ምክር ቤት ምርጫ ወረቀት ላይ አወጣች። ሕዝቡ በ1934 አጸደቀው፣ አንድ ምክር ቤት ብቻ ያለው አሠራር በ1937 ጀመረ። ዛሬ 49 አባላት አሉት። ማን የማን እንደሆነ ግን ሁሉም ያውቃል፤ ፓርቲዎቹም የራሳቸውን ሰው መደገፍ አልተዉም።

የግዛትና የፌዴራል ፓርቲዎች ከልብ የተለያዩት ካናዳ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ግዛት የራሱ የምርጫ ሕግ፣ የራሱ ቀን፣ የራሱ የፓርቲ መዝገብ አለው። ኬቤክ ላይ ፓርቲ ኬቤኳ ለግዛቱ ብቻ፣ ብሎክ ኬቤኳ ለፌዴራሉ ብቻ ይወዳደራሉ። የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሊበራሎች ጉዳይ ደግሞ ያስቃል። በ1987 ከፌዴራሉ ሊበራል ተፋቱ፣ ስሙን ግን ይዘው ቀሩ። በ2001 ከ79 ወንበሮች 77ቱን ሲያሸንፉ፣ ፌዴራል ላይ ለወግ አጥባቂዎች የሚሠሩ ሰዎች ጭምር አብረዋቸው ነበሩ። ስሙን የቀየሩት በ2023 ነው። በዚያው አገር አዲሱ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ ለረጅም ጊዜ የግዛት አባልነትን ከፌዴራሉ ጋር አስሮ ኖሯል። ስለዚህ ሕጉ በሩን ይከፍታል እንጂ ማንንም ገፍቶ አያስወጣም።

መለያየቱ ዋጋም አለው። ምርጫ በበዛ ቁጥር ወጪው ይንራል፣ መራጩም ይሰለቻል። ህንድ እስከ 1967 ሁለቱን ምርጫዎች ባብዛኛው አንድ ላይ ነበር የምታካሂደው። በ2024 በቀድሞው ፕሬዚዳንት ራም ናት ኮቪንድ የተመራው ኮሚቴ እንደገና ይገጣጠሙ ብሎ መክሯል።