«ማግዳሌና ተበላች» ለምትሉኝ

ስቶክሆልም ውስጥ ሐበሻ ተሰብስቦ ቡና በተፈላ ቁጥር አንድ ሰው አይጠፋም። ሁለተኛው ሲኒ ላይ ሲደርስ «በፈረንጆቹ 2022 የስዊድን ምርጫ እኮ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ማግዳሌና አንደርሰን አሸንፋ ነበር፣ ተበላች» ይላል። ምርጫ ጣቢያ ቁጭ ብዬ ድምፅ ስቀበል የዋልኩ ሰው ነኝና ይሄን ስሰማ ቡናው ይመረኛል።

አዎ፣ ፓርቲዋ ሶሻል ዴሞክራቶች አንደኛ ወጥተዋል። 30 በመቶ ድምፅ፣ 107 ወንበር። ማን ካደ? ግን አንደኛ መውጣትና መንግሥት መመሥረት ለየቅል ናቸው። እኛ አገር በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘው ወንበሩን ይወስዳል፣ አለቀ። ስዊድን ላይ ወንበር የሚከፋፈለው በድምፅ ድርሻ ነው፤ ስምንት ፓርቲ ሪክስዳግ (ፓርላማው) ገብቶ ብቻውን ከግማሽ በላይ የሚይዝ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ማን ከማን ጋር ይቆማል የሚለው ነው። ከ349 ወንበር የግራው ጎራ 173፣ የቀኙ 176 አገኘ። በቃ፣ ሦስት ወንበር። ከቀኙ ጎራ ሞደራቶች የሚባሉት 68 ብቻ ይዘው ሦስተኛ ወጡ፤ ክርስቲያን ዴሞክራቶችንና ሊበራሎችን ይዘው፣ 73 ወንበር ያላቸው ስዊድን ዴሞክራቶች ከውጭ ደግፈዋቸው፣ መሪያቸው ኡልፍ ክሪስተርሰን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

ደግሞ «ተበላች» ባዮች የሚረሱት አንድ ነገር አለ። ራሷ ማግዳሌና ኖቬምበር 2021 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆና የተመረጠች ቀን በሪክስዳግ የደገፏት 117 ናቸው፣ የተቃወሟት 174። አለፈች! ሕጉ ስንት ሰው ደገፈሽ ብሎ አይጠይቅም፤ ከምክር ቤቱ ከግማሽ በላይ፣ ማለትም 175 ሰው፣ ካልተቃወመ ታልፋለች። አንድ ድምፅ አዳናት። በዚያው ቀን በጀቷ ወደቀ፣ ተጣማሪዋ አረንጓዴው ፓርቲ ጥሏት ወጣ፣ ከተመረጠች ሰባት ሰዓት ያህል ቆይታ ሥልጣን ለቀቀች፣ ከአምስት ቀን በኋላ እንደገና ተመረጠች። እንግዲህ ጥቂት ደጋፊ ይዞ መሾም ሌብነት ከሆነ የእሷስ ምን ሊባል ነው?

«ማታ እየመራች ተኝተን ጠዋት ተገለበጠ» የሚሉም አሉ። ማታ ያያችሁት መራጮች ከጣቢያ ሲወጡ ተጠይቀው የተሠራ ግምት ነው። ቆጠራው ሲገፋ ተቀየረ፤ ዘግይቶ የደረሰው የቅድሚያ ድምፅና የውጭ አገሩ ደግሞ ከምርጫው በኋላ ባለው ረቡዕ ነው የሚቆጠረው። ረቡዕ ዕለት ራሷ ወጥታ መሸነፏን አመነች። እሷ ያመነችውን አንተ ቡና ላይ ልትክድ?

ሌላም ቡና ላይ የምሰማው አለ። «ጠቅላይ ሚኒስትሩን ንጉሡ ነው የሚሾመው።» አይደለም፣ እጩውን የሚያቀርበው የሪክስዳግ አፈ ጉባኤ ነው።

«ባዶ ወረቀት ማስገባት ተቃውሞ ነው።» ዋጋ የሌለው ድምፅ ተብሎ ይመዘገባል፣ ማንንም አይነካም።

«ትንሽ ፓርቲ መምረጥ ድምፅ ማባከን ነው።» ከ4 በመቶ በታች ከቀረ በአብዛኛው አዎ። ሊበራሎች ግን በ4.6 በመቶ ገብተው 16 ወንበር አመጡ። እነሱ ባይኖሩ 176 የሚባል ነገር አልነበረም።

በጣም የሚያናድደኝ ግን «ዜጋ ካልሆንኩ ምርጫ አይመለከተኝም» የሚለው ነው። አንዴ አንዲት እናት ቢጫውን ወረቀት ይዘው መጡ። ቢጫ የሪክስዳግ ነው፣ ለዜጋ ብቻ። መዝገቡን ሳይ ለሪክስዳግ አይመርጡም። «አይሆንም እማማ» ስላቸው ፊታቸው ጥቁር አለ፣ ሊሄዱ ዞሩ። ቆይ! ለኮሙን (ለከተማው አስተዳደር) ነጩ፣ ለሬጅን (ለክልሉ) ሰማያዊው አለ። ከአውሮፓ ኅብረትና ከኖርዲክ አገሮች ውጭ የመጣ ሰው ሦስት ዓመት በላይ በተከታታይ ተመዝግቦ ከኖረ ሁለቱንም ይመርጣል። የልጅ ልጆቻቸው ትምህርት ቤትኮ የኮሙን ጉዳይ ነው፣ ሐኪም ቤቱ የሬጅን። በፖስታ የሚመጣላችሁን የምርጫ ካርድ ሳታነቡ አትጣሉ፤ የትኞቹን እንደምትመርጡ ተጽፎበታል። መታወቂያ ያዙ። ቀድማችሁ የምትመርጡ ከሆነ ካርዱም ያስፈልጋል፣ ከምርጫው 18 ቀን በፊት ይጀመራል። ቀድማችሁ መርጣችሁ ሐሳብ ከቀየራችሁ ደግሞ በዕለቱ ጣቢያችሁ ሄዳችሁ እንደገና ምረጡ፣ የበፊቱ ይሰረዛል።

እማማ ነጩንና ሰማያዊውን ይዘው ወደ መከለያው ሄዱ። ትንሽ ቆይተው አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ማንን ልምረጥ?»

«እሱን እንኳ አልነግርዎትም» አልኳቸው።