ሳርጀንት ፔፐር በፊልም፦ ቢ ጂስና ፒተር ፍራምፕተን የወደቁበት ሙዚቃዊ

«ሳርጀንት ፔፐርስ ሎንሊ ሃርትስ ክለብ ባንድ» እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በሐምሌ 1978 አሜሪካ ውስጥ ለእይታ የበቃ ሙዚቃዊ ፊልም ነው። ስሙን የወሰደው ቢትልሶች በ1967 ካወጡት ዝነኛ አልበም ነው። ቢትልሶቹ ራሳቸው ግን ፊልሙ ላይ የሉም። ዘፈኖቻቸውን የሚጫወቱት ሦስቱ የጊብ ወንድማማቾች፣ ማለትም ቢ ጂስ፣ እና ጊታር ተጫዋቹ ፒተር ፍራምፕተን ናቸው። ስለ መጥፎ ሙዚቃዊ ፊልሞች ወሬ ከተነሳ የዚህ ፊልም ስም ሳይጠራ አይቀርም።

ፕሮዲዩሰሩ ሮበርት ስቲግዉድ ነበር። ሰውዬው በዚያ ሰሞን የያዘው ሁሉ ይቀናው ነበር። በ1977 መጨረሻ «ሳተርደይ ናይት ፊቨር»ን፣ በሰኔ 1978 ደግሞ «ግሪስ»ን አውጥቶ ሲኒማ ቤቶቹን በሰው አጥለቅልቋል። የቢ ጂስ ዲስኮ በየሬዲዮው ይሰማል። የፍራምፕተን የ1976 የመድረክ አልበም በሚሊዮኖች ተሽጧል። የፊልሙን ሙዚቃ እንዲያዘጋጅ የተጠራው ደግሞ ዋናውን የቢትልስ አልበም ያዘጋጀው ጆርጅ ማርቲን ነው። ዳይሬክተሩ ማይክል ሹልትዝም «ካር ዋሽ»ን የሠራ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ታዲያ ምን ጎደለ?

እኔ እንደማየው ችግሩ የሚጀምረው ከታሪኩ ነው። ድርሰቱ የተሠራው ከዘፈኖቹ ስሞችን እየለቀሙ በመገጣጠም ነው። ዘፈን ውስጥ ሚስተር ካይት የሚባል ስላለ የከተማው ከንቲባ ሚስተር ካይት ሆነ። የጀግናው ፍቅረኛ ስትሮቤሪ ፊልድስ ተባለች። ከቤት ስለወጣች ልጅ የሚተርክ ዘፈን አለና እሷም ሻንጣዋን ይዛ ከቤት ትወጣለች። ሃርትላንድ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ የባንዱ አስማተኛ የሙዚቃ መሣሪያዎች ይሰረቃሉ፤ ከተማዋ ትበላሻለች፤ ልጆቹ መሣሪያዎቹን ፍለጋ ይሄዳሉ። በቃ ይኸው ነው።

ከዚያ የባሰው ግን ማንም አለመናገሩ ነው። በፊልሙ ውስጥ የሚያወራው ሚስተር ካይትን የሚጫወተው የ82 ዓመቱ ኮሜዲያን ጆርጅ በርንስ ብቻ ነው። እሱ ይተርካል፣ ሌሎቹ ይዘፍናሉ፣ በመሃል ደግሞ በምልክት ይግባባሉ። ለሠለጠነ ተዋናይ እንኳ ከባድ ነገር ነው። ትወና ለማያውቁ አራት ዘፋኞች ደግሞ መከራ ነው። ፍራምፕተን በመስታወት ሬሳ ሣጥን ውስጥ ለተኛችው ፍቅረኛው ሲዘፍን ፊቱን ልብ ብላችሁ እዩት። ድምፁ ያዝናል፣ ፊቱ ግን ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶታል። እኔ በእውነት አዝንለታለሁ። ዘፋኝን ቃል ከልክሎ ካሜራ ፊት ማቆም ግፍ ነው።

መጨረሻውም ልብ አያሳርፍም። ጀግናው ራሱን ሊያጠፋ ከጣሪያ ሲዘል፣ ጣሪያ ላይ የነበረው የነፋስ አመልካች ሐውልት ነፍስ ዘርቶ ሰው ይሆናል። ሰውየው በ1969 ከቢትልሶች ጋር ኪቦርድ የተጫወተው ቢሊ ፕሬስተን ነው። ከጣቱ በሚወጣ ብልጭታ ሁሉን ያስተካክላል፣ የሞተችውንም ያስነሳል። ያን ያህል ለቅሶ ካስቀመጡን በኋላ ሐዘኑን እንዲህ በአንድ ጣት ማጥፋት ተመልካቹን መናቅ ነው።

ሐያሲዎቹ አልማሩትም። የፊልሙ ዘፈኖች የወጡበት ድርብ አልበም ገና ከመነሻው በሚሊዮን በሚቆጠር ቅጂ ለየሱቁ ተከፋፍሎ ነበር፤ ከዚያ ያልተሸጠው በገፍ ተመለሰ። ያ ሁሉ ድምፃዊ ተሰብስቦ ሙዚቃው ነፍስ አጣ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት እንዲህ ነው። ቢ ጂስ ቶሎ አገገሙ፤ በ1979 ያወጡት አልበም ሦስት አንደኛ የወጡ ዘፈኖች ሰጣቸው። ፍራምፕተን ግን ወደ ቀድሞ ዝናው አልተመለሰም።

ከዚህ ሁሉ መሃል የሚደመጥ ነገር የለም ማለት ግን ስህተት ነው። የሮክ ባንዱ ኤሮስሚዝ አባላት የክፉዎቹ ባንድ ሆነው «ካም ቱጌዘር»ን የሚጫወቱበት ክፍል ኃይል አለው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የፈንክና የሶል ባንዱ የኧርዝ ዊንድ ኤንድ ፋየር «ጋት ቱ ጌት ዩ ኢንቱ ማይ ላይፍ» ነው። እነሱ ቢትልሶችን ለመምሰል አልሞከሩም። ጥሩምባውን፣ ቤዙን፣ ምቱን እንደ ራሳቸው አድርገው ቀየሩት። ዘፈኑ በአሜሪካ የፖፕ ሰንጠረዥ 9ኛ፣ በአር ኤንድ ቢ ደግሞ 1ኛ ወጣ። የባንዱ መሪ ሞሪስ ዋይትም በዚሁ ቅንብር ግራሚ ተሸለመ።