ቀን ቢቀየርም የማይቀየር ፓኬጅ፦ የካሌንደር ሶፍትዌርና ሪፕሮዲዩሲብል ቢዩልድ

ሪፕሮዲዩሲብል ቢዩልድ የሚባለው አሠራር ሐሳቡ አጭር ነው። አንድ ሶርስ ኮድ (ፕሮግራመሩ የጻፈው ኮድ) ዛሬ ኮምቦልቻ፣ ከወር በኋላ ደሴ ላይ ቢዩልድ ቢደረግ፣ ማለትም ኮምፒውተር ላይ ወደሚጫን ፓኬጅ ቢቀየር፣ የሚወጣው ፓኬጅ ባይት በባይት አንድ መሆን አለበት። ያኔ ያወረድነው ፋይል በእርግጥ ከተለቀቀው ኮድ የወጣ መሆኑን ማንም ሰው ራሱ ቢዩልድ አድርጎ፣ ሃሹን (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላውን አጭር መለያ) አመሳክሮ ያረጋግጣል። መሃል ላይ ሾልኮ የገባ ነገር ካለም ይጋለጣል። ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፕሮጀክት ይህን አሠራር የጀመረው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው።

ትልቁ እንቅፋት ሰዓት ነው። ካሌንደር ያለበት ሶፍትዌር ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ቀኑ ፋይሉ የተሠራበት ሰዓት ሆኖ ብቻ አይቀርም፣ ይዘቱ ውስጥም ይገባል።

ወሎ ላይ የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም በዓል ያልያዘ ካሌንደር ጎደሎ ነው። የግሸን ማርያም ክብረ በዓል መስከረም 21 ነው። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 1 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚገባው ዓመት ግን ኦክቶበር 2። ይህን ሠንጠረዥ በቢዩልድ ወቅት የሚያወጣ ስክሪፕት (አጭር ፕሮግራም) «ከዘንድሮ ጀምሮ 10 ዓመት» ተብሎ ከተጻፈ ችግር አለ። ጳጉሜን 5 ቀን 2017 የወጣው ፓኬጅ ከ2017 ይጀምራል፤ በማግስቱ የወጣው ከ2018። ኮዱ ግን አንድ ፊደል አልተነካም።

የሰዓት ዞንም አለ። እኛ ከዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ደሴ ላይ ያለ ላፕቶፕ አዲሱን ቀን ይዟል፤ በዩቲሲ የሚሠራ ሰርቨር ገና ትናንት ላይ ነው።

መፍትሔው ቀኑን ከማሽኑ አለመጠየቅ ነው። ለዚህ «ሶርስ ዴት ኢፖክ» የሚባል ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል፣ ማለትም ለፕሮግራሞች ከውጭ የሚሰጥ ዋጋ፣ አለ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ ማለትም ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ጀምሮ የተቆጠረ ሰከንድ ይይዛል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ኮዱ ለመጨረሻ ጊዜ የተቀየረበት ሰዓት ነው። ስክሪፕቱ «ዘንድሮ»ን ከዚያ ያነብባል፣ በዩቲሲም ያሰላል።

ከዚህም የተሻለው፣ የሚቻለውን ሁሉ ከቢዩልድ ማውጣት ይመስለኛል። ፋሲካ በባሕረ ሐሳብ ይሰላል፤ ስለዚህ አፑ ሲከፈት ራሱ ያስላው። ኢድ አልፈጥር ግን ጨረቃ መታየቷን ይጠብቃል፤ ስሌት ብቻውን አይበቃም። የእሱ ሠንጠረዥ ቨርዥን ተሰጥቶት ሶርስ ኮዱ ውስጥ ይቀመጥ። በቢዩልድ መሃል ከኢንተርኔት የሚወርድ ከሆነ የዛሬውና የነገው መለያየቱ አይቀርም።

መፈተሹ አይከብድም። ሁለት ጊዜ ቢዩልድ ማድረግ ነው፤ ሁለተኛውን የማሽኑን ሰዓት ከዓመት በላይ ወደፊት ገፍቶ፣ ዞኑንም ቀይሮ። ዲፎስኮፕ የሚባለው መሣሪያ ሁለቱን ፓኬጆች ፈትቶ የት ጋ እንደተለያዩ ያሳያል። የበዓላት ሠንጠረዡ ላይ ከጠቆመ፣ ስክሪፕቱ ውስጥ አሁንም የማሽኑን ቀን የሚጠራ መስመር አለ ማለት ነው።