የጂምናስቲክ የ16 ዓመት ገደብ ምንድን ነው?

በኦሊምፒክ ጂምናስቲክ የምትወዳደር ሴት ውድድሩ በሚካሄድበት ዓመት ቢያንስ 16 ዓመት የሚሞላት መሆን አለባት። ደንቡ ይኸው ነው። የሚቆጠረው ግን የውድድሩ ቀን ሳይሆን ዓመቱ ነው። ዲሴምበር 31 የተወለደች ልጅ ገና 15 ዓመቷ ሆኖ ትወዳደራለች። በማግስቱ፣ ጃንዋሪ 1 የተወለደችው ደግሞ ለቀጣዩ ኦሊምፒክ አራት ዓመት ትጠብቃለች። ለወንዶች ገደቡ 18 ነው።

ለምን 16? ታሪኩ ብዙ ጊዜ ከናዲያ ኮማኔቺ ይጀመራል። በ1976 (እዚህ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ሮማኒያዊቷ ናዲያ ሞንትሪያል ላይ ከፍና ዝቅ ብለው በተተከሉት ዘንጎች ሠርታ 10 ከ10 አገኘች። በኦሊምፒክ ጂምናስቲክ ይህን ነጥብ ያገኘች ሴት ከዚያ በፊት አልነበረችም። ሰሌዳው ራሱ 10 ማሳየት ስለማይችል 1.00 ብሎ ለጠፈ። ያኔ ናዲያ 14 ዓመቷ ነበር፤ ደንቡም 14 ይፈቅድ ነበር። ከዚያ በኋላ ገደቡ በ1981 ወደ 15፣ በ1997 ደግሞ ወደ 16 ከፍ አለ።

ትንሽ ልጅ የምትመረጥበት ምክንያት ምስጢር አይደለም። አጭርና ቀላል ገላ በአየር ላይ ቶሎ ይዞራል። ጉርምስና ሲመጣ ቁመት ይጨምራል፣ ዳሌ ይሰፋል፣ የሰውነት ሚዛን ይለወጣል። ትናንት እንደ ውሃ የጠጣችው እንቅስቃሴ ዛሬ እንደ አዲስ ይሆንባታል። ስለዚህ አንዳንድ አሰልጣኞች ከልጅቷ ዕድገት ጋር እሽቅድምድም ይገባሉ። ገላዋ ሳይቀየር ሜዳሊያው ይምጣ ነው ነገሩ።

የእሽቅድምድሙን ሒሳብ የሚከፍለው ገላዋ ነው። በጂምናስቲክ ክንድ እንደ እግር ይሠራል። በእጅ ይቆማሉ፣ በእጅ ይገለበጣሉ፣ በእጅ ተስፈንጥረው ይነሳሉ። በልጅ አጥንት ጫፍ ላይ ደግሞ ዕድገቱ የሚካሄድበት፣ ገና ያልጠነከረ ክፍል አለ። እሱ ላይ በየቀኑ ሙሉ የሰውነት ክብደት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሲያርፍበት ይጎዳል። ሐኪሞች ይህን የእጅ አንጓ ሕመም በስፖርቱ ስም እስከመጥራት ደርሰዋል፤ «የጂምናስት አንጓ» ይሉታል። ሕመሙ ችላ ተብሎ ሥልጠናው ከቀጠለ አንደኛው የክንድ አጥንት ዕድገቱን አቁሞ ከጎኑ ያለው ብቻ ሊረዝም ይችላል።

ከዚያ የምግቡ ጉዳይ አለ። ክብደቷ እንዳይጨምር የምትፈራ ልጅ ምግብ ትቀንሳለች፤ ሥልጠናው ግን አይቀንስላትም። ሰውነት ከሚያወጣው ያነሰ ጉልበት ሲገባለት ቁጠባ ይጀምራል። የወር አበባ ይዘገያል፣ ወይም መጥቶ ይቋረጣል። አጥንት ይሳሳል። ሰው ዕድሜ ልኩን የሚኖርበትን አጥንት በአብዛኛው የሚያከማቸው በልጅነቱና በጉርምስናው ስለሆነ፣ ያኔ የጎደለውን በኋላ መሙላት ከባድ ነው። አሜሪካዊቷ ጂምናስት ክሪስቲ ሄንሪክ አኖሬክሲያ በሚባለው የአመጋገብ ሕመም ምክንያት የውስጥ አካሎቿ ሥራ አቁመው በ1994 ሞተች። ዕድሜዋ 22 ነበር።

እንግዲህ ደንቡ ይህን ለመከላከል የወጣ ነው። ይከላከላል ወይ? በከፊል፣ እላለሁ።

አንደኛ፣ ወረቀት ይዋሻል። ቻይናዊቷ ዶንግ ፋንግሺያኦ በ2000 ሲድኒ ላይ በ1983 እንደተወለደች ተመዝግባ ተወዳደረች። ከስምንት ዓመት በኋላ ቤጂንግ ኦሊምፒክ ላይ በባለሙያነት ስትሠራ መታወቂያዋ 1986 የሚል ሆኖ ተገኘ። ሲድኒ ላይ 14 ዓመቷ ነበር ማለት ነው። ቻይና በቡድን ያገኘችው ነሐስ በ2010 ተነጥቆ ለአሜሪካ ተሰጠ። እሷ ያኔ ልጅ ነበረች፤ ዕድሜዋን ራሷ ሄዳ ያስመዘገበች አይመስለኝም።

ሁለተኛው ቀዳዳ ይሰፋል፣ ብዙም አይወራለትም። ደንቡ የሚጠብቀው የውድድሩን በር ብቻ ነው። በ16 ዓመቷ ኦሊምፒክ የምትደርስ ልጅ አዳራሽ የገባችው ብዙ ጊዜ በአምስት ወይም በስድስት ዓመቷ ነው። አሥር ዓመት ሲሞላት በሳምንት 20 ሰዓትና ከዚያ በላይ ልትሠለጥን ትችላለች። አንጓው የሚጎዳው፣ ክብደት መለኪያ ላይ መውጣት የሚያስፈራው በእነዚያ ዓመታት ነው። የ16 ዓመቱ ገደብ ስለነሱ አንድም ቃል አይናገርም።

በእነዚያ ዓመታት ልጅቷ ሌላም ነገር ትማራለች፤ ዝም ማለትን። አመመኝ ማለት ስንፍና ነው፣ አሰልጣኝ አይጠየቅም። ስድስት ዓመቷ ላይ የጀመረች ልጅ ሌላ ሕይወት ስለማታውቅ የትኛው ተግሣጽ፣ የትኛው በደል እንደሆነ መለየት ይቸግራታል። የአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ሐኪም የነበረው ላሪ ናሳር ለዓመታት ልጆችን በሕክምና ስም የደፈረው በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው። በ2018 ሚሺጋን ውስጥ ከ40 እስከ 175 ዓመት ሲፈረድበት ከ150 በላይ ተጎጂዎች ቃላቸውን ሰጥተው ነበር። በብሪታንያ ደግሞ አን ዋይት የተባሉ የሕግ ባለሙያ የመሩት ምርመራ በ2022 ወጣ። ከ400 በላይ ሰዎች መረጃ ሰጥተውበታል። ምግብና ውሃ መከልከል፣ ሽንት ቤት እንዳይሄዱ ማድረግ፣ ከነጉዳታቸው ማሠልጠን፣ ክብደታቸውን ያለማቋረጥ መመዘን፣ ሁሉም እዚያ ተጽፏል።

ገደቡ ይነሳ የሚሉም አሉ። የናዲያ አሰልጣኝ የነበረው ቤላ ካሮሊ በ2008 የዕድሜ ገደብ የሚባለው ነገር ጨርሶ ይቅር ብሎ ነበር፤ ማጭበርበሩም አብሮ ይቀራል በሚል። ይሄ እንኳ አይዋጥልኝም። ሌባ በዛ ተብሎ ቁልፍ አይነቀልም።

ደግሞስ ልጅነት ግዴታ ነው ያለው ማነው? ኡዝቤኪስታናዊቷ ኦክሳና ቹሶቪቲና ቶኪዮ ላይ የተወዳደረችው በ46 ዓመቷ ነው፤ ስምንተኛ ኦሊምፒኳ ነበር። አሜሪካዊቷ ሲሞን ባይልስ ቶኪዮ ላይ በአየር ላይ አቅጣጫዋ ሲጠፋባት ከቡድኑ ፍጻሜ ወጣች። ከሦስት ዓመት በኋላ ፓሪስ ላይ በ27 ዓመቷ ሦስት ወርቅ ወሰደች። አሁን አሁን ትልልቅ ሴቶችን መድረኩ ላይ ማየት እየተለመደ ነው።

ይህ በእንዲህ እንዳለ በ2019 ሀንጋሪ ውስጥ ጂዮር ከተማ የመጀመሪያው የታዳጊዎች የዓለም ሻምፒዮና ተካሄደ። ሴቶቹ ተወዳዳሪዎች የ14 እና የ15 ዓመት ልጆች ነበሩ፤ ናዲያ ሞንትሪያል ላይ የነበረችበት ዕድሜ።